በገመድ የሚታሰር በር

ቤቱን የተከራየሁት ከሰው ለመሸሽ ነው። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የሆነውን ስታነቡ «እዚያ ምን ወሰዳት?» እንዳትሉ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ስድስት ወር ስልክ ማገናኘት ተምሬ፣ አሰበ ተፈሪ ስልክ ቤት ተመድቤ መጣሁ። መጀመሪያ ያረፍኩት ከተማው መሃል፣ አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት ግቢ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ መውጫ መግቢያዬን ትጠብቃለች። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ከማን እንደሆነ ከእኔ በፊት ታውቃለች። እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አፌም ከእግሬ አይሻልም። አንድ ጠዋት፣ «እትዬ፣ እኔ የተከራየሁት ክፍል ነው፤ እናት አለችኝ» አልኳት። በዚያው ሳምንት ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘሁት ደሴት ላይ ነው።

ደሴት ስላችሁ ሐይቅ አይታያችሁ። ከከተማው ግርጌ ወንዙ ለሁለት ይከፈልና ጥቂት ወርዶ ተመልሶ ይገናኛል። ወንዝ ይሉታል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ግመል ያልፍበታል፣ ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ይቀዱበታል። በሁለቱ አሸዋ መካከል ጠባብ ጉብታ አለ፤ ሙዝ፣ ፓፓያና ሸንኮራ አገዳ ጥቅጥቅ ያለበት። ሙዙ መሃል ቆርቆሮዋ የዛገ አንዲት ረጅም የጭቃ ቤት፣ ከጎኗ የሣር ክዳን ማድ ቤት፤ በቃ። ሌላ ጎረቤት የለም። ጠዋት ስነሣ የማየው የሙዝ ቅጠልና ሰማይ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞቼ «ደሴት ላይ ነው የምኖረው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ቀኑብኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

የቤቱ ባለቤት አዴ መይሙና ይባላሉ። አዴ እዚያ አገር እትዬ እንደ ማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሂርና ሱቅ ከፍቷል። ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። የቀኝ ዳሌያቸው ከበቅሎ ወድቀው ተሰብሮ አጉል ስለ ገጠመ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ምላሳቸው ግን ምርኩዝ አይፈልግም።

«ባል የለሽም?» አሉኝ የመጀመሪያ ቀን።

«የለኝም።»

«ሊመጣ ነው?»

«አይመጣም።»

«አልሐምዱ ሊላህ። ባል ያላት ተከራይ ሙዜን ለሁለት ነው የምትበላ።»

ወደድኳቸው። ቤቱን አዞሩኝ። ሁለት ክፍል ነው፤ የታችኛው የሳቸው፣ ወደ ወንዙ ላይ በኩል ያለው የእኔ። መግቢያው በር በሳቸው ክፍል ነው። ከሳቸው ክፍል ወደ እኔ የሚያሳልፈው መዝጊያ የለውም፤ መጋረጃ ብቻ። ከማለፊያው በላይ ከወፍራም ግንድ የተሠራ ቆጥ አለ፤ ማሽላ ይከመርበታል። እስከዚህ ሁሉ ነገር ሰው የሚሠራው ቤት ነው። ግን የእኔ ክፍል በላይኛው ግድግዳ ላይ ሌላ በር ነበረው፤ ሰፊ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ ደፍ የሌለው። ቁልፍም መቀርቀሪያም የለው። በገመድ ነው የታሰረው፤ ያውም አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት በሚፈታ ቋጠሮ። ሁለቱ በሮችና ማለፊያው በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ሁሉም ሲከፈት ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ወለል ብሎ ይታያል።

«ይሄ በር ለምንድን ነው?»

«ለእንግዳ።»

«የምን እንግዳ?»

«ሲመጣ ታውቂዋለሽ። ሳንቃ አይደገፍበት፤ ሣጥን አይቀመጥበት። ገመዱ ይበቃዋል።»

የጅን ነገር መሰለኝ። በሆዴ ሳቅሁ። የተማርኩ ነኛ።

ሁለት ወር በገመዱ ኖርኩ። ነፋሱ ሌሊቱን በበሩ ስንጥቅ ያፏጫል። ጅብ ሙዙ ውስጥ ሲዞር ትንፋሹ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ብቻዬን የምተኛ ሴት ነኝ፤ እኔንና ዓለሙን የሚለየን አንድ ክንድ ገመድ ነው። መጋቢት ላይ አዴ መይሙና ልጃቸውን ለማየት ሂርና ሄደው ሦስት ቀን ሰነበቱ። በሁለተኛው ቀን ከተማ ካለ አንድ ዐረብ ሱቅ ሚስማርና የሻይ ሣጥን ሳንቃ ገዛሁ። ሦስት ሳንቃ በበሩ ላይ አጋድሜ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ሚስማር ከመቃኑ ጋር አጣብቄ መታሁ። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሚስማር። በላዩ ላይ ትልቅ ነጭ አንሶላ ሰቀልኩበት። ሴትየዋ ሲመለሱ ምንም አላሉም። በዚያ ሰሞን ደህና ተኛሁ።

ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ ካቻምና። በጠዋቱ ፈረቃ ከስልክ ማገናኛው ሰሌዳ ፊት ተቀምጫለሁ። አምስት ሰዓት አካባቢ አንድ ጫት ነጋዴ ጭቃ እንደ ለበሰ ገባ። አሊይ ይባላል፤ ከወንዙ ላይ በኩል ካለው ከመሰላ ጫት ገዝቶ ወደ ድሬዳዋ የሚልክ፣ በሳምንት ሁለቴ የማይጠፋ ደንበኛ ነው። ድሬዳዋን አገናኘሁት። አሊይ ስልክን አያምንም፤ ድምፁ በራሱ ድሬዳዋ እንዲደርስ አድርጎ ነው የሚጮኸው።

«መኪናውን አትላከው! መሰላ መንገድ የለም፣ ውሃ ነው ያለው። ጎህ ሲቀድ ጀመረ፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ከፊቱ አምልጬ ነው የመጣሁ፤ ከኋላዬ ነው ያለው!»

ጨርሶ ሲወጣ ጭቃ እግሩን በራፉ ላይ አራግፎ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ስልከኛ፣ ወንዝ ዳር ዘመድ አለሽ?»

«ዘመድ የለኝም።»

«እንኳን የለሽ። ካለሽ ንገሪው ልልሽ ነው።»

«እዚህ እኮ ጠብታ የለም፤ ሰማዩን እየው» አልኩት።

«ውሃ በእግሩ ነው የሚመጣ» አለ። «አንቺ ሰማይ ሰማይ ታያለሽ።»

እውነቱን ነው የመለስኩለት። አዲስ አበባ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ ዝናብ ይመጣል፤ ሰው ይጠለላል፣ ቦዩ ይሞላል፣ እናያለን። ፀሐይ እየወጋው የሚሞላ ወንዝ በሐሳቤም አልመጣ። ዘመድ አለሽ ወይ አለኝ፤ ዘመድ የለኝም። ራሴ ወንዝ ዳር መኖሬ፣ አንዲት የማትሮጥ ሴት ወንዝ መሃል መኖሯ ከጥያቄው ጋር አልተገናኘልኝም። የሰውን ሁሉ ሽቦ የማገናኝ ሴትዮ!

ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ። አሸዋውን ጫማዬን ይዤ ተሻገርኩ፤ አሸዋው እግር ያቃጥል ነበር። ምሳዬን በላሁ፤ ተኛሁ። ስነቃ አዴ መይሙና በደጅ፣ ፓፓያው ጥላ ሥር፣ ማሽላ በሰፌድ ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወሬ ለመጀመር ያህል፣

«ዛሬ አሊይ የሚሉት ነጋዴ ስልክ ቤት ሲጮህ ዋለ» አልኩ። «መሰላ መንገዱ ጠፋ፣ ዝናቡ ሌላ ነው ይላል። ይኼው እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«መቼ?»

«ምኑ?»

«ዝናቡ። መቼ ጀመረ?»

«ጎህ ሲቀድ አለ መሰለኝ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«አምስት ሰዓት ላይ።»

«አሁን ስንት ነው?»

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ! ሰፌዱን ማሽላው እንዳይፈስ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«አንሺኝ። ምርኩዜን ስጪኝ። ወደ ከተማ እንሂድ።»

«አሁን? ዕቃስ ልያዝ?»

«ብዙነሽ» አሉኝ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም ነበር፤ ሁልጊዜ ኢንተላ ነው የሚሉኝ፣ ልጅት እንደ ማለት። «ዕቃ የለም። አሁን።»

 ክንዴን ሰጠኋቸው። ከቤቱ እስከ አሸዋው ዳር ያለው መንገድ እኔ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ የማልፈጅበት ነው። ያን ቀን አላልቅ አለ። ሙዙ አንድም አይነቃነቅም፤ ወፍ የለም። ሰማዩ የታጠበ ሸማ ይመስላል። አሸዋው ላይ ወረድን። ወዲያ ማዶ ለመድረስ አርባ እርምጃ ያህል ነው፤ ምርኩዛቸው እየሰመጠ አስቸገረን። አሥር እርምጃ ያህል እንደ ሄድን ከላይ በኩል ነፋስ መጣ። ቀዝቃዛ ነው። ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። በዚያ ንዳድ ውስጥ ያ ሽታ ሲደርሰኝ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ።

ቀጥሎ ድምፁ። ከሂርና ዳገት ላይ የሚወርድ የጭነት መኪና መሰለኝ፤ ወደ አውራ ጎዳናው ዞርኩ። መኪና የለም። ማዶ፣ ከተማው ዳር፣ ሰዎች ሲሮጡ አየሁ፤ እየሮጡ በአንድ ቃል ይጮሃሉ። «ቢሻን ዱፌ! ቢሻን ዱፌ!» ውሃ መጣ ማለት ነው። ይህን ያህል ኦሮምኛ ገብቶኛል።

አዴ መይሙና ክንዴን ለቀቁኝ።

«አንቺ ሩጪ፤ ትደርሻለሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ቤት እመለሳለሁ። ቤቱ ያውቀዋል። ሩጪ አልኩሽ!»

ሮጥኩ። አልዋሻችሁም፤ ሦስት እርምጃ ሮጫለሁ። ማዶ ያለ አንድ ሰው እጁን እየዘረጋ ሲጠራኝ ፊቱ ይታየኛል። መድረስ እችል ነበር። የመለሰኝ ደግነት አይደለም። በሩ ነው። ሰፊው፣ ደፍ የሌለው፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተው፣ በአንድ መሳብ የሚፈታው በር፣ ከሌላው በር ጋር ፊት ለፊት። እንግዳው ማን እንደሆነ እዚያ አሸዋ መሃል ቆሜ ገባኝ። ሴትየዋ ወደ ዘጋሁት ቤት እየተመለሱ ነው።

ተመልሼ ከኋላቸው አቀፍኳቸውና እየጎተትኩም እየተሸከምኩም ጉብታው ላይ አወጣኋቸው። ዞር ስል ውሃውን አየሁት። ውሃ አይመስልም። ቡናማ ነው፤ ፊቱ ቅርንጫፍ፣ ገለባና አረፋ ነው፤ እስከ ሰው ጉልበት ከፍ ብሎ እየተንከባለለ፣ አሸዋውን እየላሰ ይመጣል። አልፈጠነም። ያስፈራኝ አለመፍጠኑ ነው። ከፊቱ አንድ ውሻ ይሮጥ ነበር። ከመጀመሪያው ኋላ ሌላ አለ፣ ከፍ ያለ፤ ከዚያም ኋላ ሌላ። የረገጥነው አሸዋ ተሸፈነ። በሌላው ወገን ያለው የወንዙ ክንድ ደግሞ ቀድሞ ሞልቶ ያጓራል። መሃል ቀረን።

ቤት ገባን። አዴ መይሙና የታችኛውን በር ወለል አድርገው ከፈቱና በድንጋይ አስደገፉት። እኔ እንዴት እንደምነግራቸው ጠፍቶኛል።

«አዴ... የላይኛው በር... እኔ...»

«ስንት ሚስማር መታሽበት?» አሉኝ።

ወደ ላይኛው በር ዞርኩ።

«ስንት?»

«አሥራ ሁለት።»

«ዶንጎራው በር ኋላ አለ። መጀመሪያ እኔን አውጪኝ፤ ከእግርሽ ሥር ልራቅልሽ።»

መሰላሉ አምስት መረገጫ ነው። በሁለተኛው ላይ ዳሌያቸው እምቢ አለ።

«ግፊኝ እንጂ! ምን ታፍሪያለሽ? ቂጤ አይነክስሽም።»

በትከሻዬ ገፋኋቸው። ቆጡ ላይ እንደ ማዳበሪያ ጆንያ ተገለበጡ። ከላይ ሆነው ወገባቸው ላይ ያለውን መቀነት መፍታት ጀመሩ፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላስተዋልኩም። ዶንጎራው ጫፉ ብረት የሆነ መቆፈሪያ እንጨት ነው። ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ነጩን አንሶላ ገነጠልኩት።

በሩ ያለቅስ ነበር። በስንጥቁ ሁሉ ጭቃ ውሃ እንደ ክር ይፈሳል፤ ወለሉ ላይ ቁርጭምጭሚቴን ደርሷል። ግድግዳው ከውስጥ አልቧል። ውጭ ያለው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ መዳፌን ሳንቃው ላይ አኖርኩ፤ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ በሬ ጎን። ብረቱን ከሳንቃው ሥር አስገብቼ ተንጠለጠልኩበት። ሁለት ሚስማር ሲጢጥ ብሎ ወጣ። ሌላውን ጫፍ፤ እሱም ወጣ። አንድ ሳንቃ ወደቀ።

በዚያን ጊዜ ቤቱ ተንቀሳቀሰ። እንዴት ልንገራችሁ? መሬት ላይ ቆሜ መሬቱ ትንሽ ሄደ። ቆርቆሮው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጮኸ። በጎን ያለችው መስኮት በኩል ማድ ቤቱ ሲያልፍ አየሁ። አንድ በር ብቻ ያለው ማድ ቤት፣ የሣር ክዳኑን እንደ ደፋ፣ ጭሱ ያጠቆረው ምሰሶው ሳይነቀል፣ ቀጥ ብሎ ባርኔጣ እንዳደረገ ሰው እየዞረ ሄደ።

«ብዙነሽ!» ሲሉ ሰማሁ ከላይ። «ከፊቱ አትቁሚ! ከጎን! ከጎን ሁኚ!»

ወደ ጎን ሸሸሁ። ሁለተኛውን ሳንቃ በአንድ ጫፍ አላቀቅኩት። ውሃው ጉልበቴን አልፏል፤ እጄ ይንሸራተታል፤ ዶንጎራው የት እንደሚገባ አይታየኝም። ሚስማሮቼ እንዴት ያሉ ሚስማሮች ነበሩ! ሕይወቴን በሙሉ አንድ ሥራ እንደዚያ አጥብቄ አልሠራሁም። ብረቱን ለመጨረሻ ጊዜ ሰክቼ ጮኼ ገፋሁ።

የቀረውን ውሃው ራሱ ነቀለው። ሦስተኛው ሳንቃ በአጠገቤ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ነው የተሰማኝ። በሩ ከማጠፊያው ተላቆ ገባ፤ ተከትሎት ወንዙ ገባ። ወንዙ ቤቴ ውስጥ ገባ! አልጋዬን አነሣው፤ ሣጥኔን አነሣው፤ እኔን አነሣኝ። አፌ ጭቃ ሆነ። ጀርባዬ ከአንድ ነገር ጋር ተላተመ፤ የማለፊያው ምሰሶ ነው። አቀፍኩት። እግሬ ወደ ታችኛው በር፣ ወደ ክፍቱ፣ ወደ ወንዙ ይጎተታል። እናቴን ጠራሁ መሰለኝ። ያን ጊዜ ፊቴ ላይ አንድ እርጥብ ጨርቅ መታኝ። የአዴ መይሙና መቀነት። አንዱን ጫፍ ቆጡ ግንድ ላይ አስረውታል።

«እጅሽን ጠቅልይበት። አትያዥው፤ ጠቅልይው። ቢስሚላሂ... አሁን ውጪ።»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቆጡ ላይ ማሽላው ውስጥ ወድቄ ስተፋ ሴትየዋ ጀርባዬን ይመቱኝ ነበር።

ከሥራችን ውሃው በላይኛው በር ይገባል፣ በታችኛው ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ መንቀጥቀጡን ተወ። የላይኛው ግድግዳ ጭቃው ታጥቦ አጥንቱ ቀረ፤ ውሃው በማገሩ መካከል በወንፊት እንደሚጣራ ያልፋል። ምሰሶዎቹ አልተነቃነቁም። ግን ፍርሃቱ አላለቀም። በየጊዜው ግንድ እየመጣ ግድግዳውን ሲመታ ቆጡ ይዘላል፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሣጥኔ፣ የምስክር ወረቀቴ፣ የጓደኞቼ ደብዳቤ ያለበት ሣጥን፣ ክፍሉን አንዴ ዞረና በታችኛው በር ወጣ። ከውጭ በቆርቆሮው ቀዳዳ ፀሐይ ይገባል። በዚያ ሁሉ መሃል ፀሐይ።

«ያውቁ ነበር» አልኳቸው፣ ድምፄ ሲመለስ። «በሩን መዝጋቴን ያውቁ ነበር።»

«ከሂርና የተመለስኩ ሌሊት አወቅኩ። ነፋሱ የለም። ሠላሳ ዓመት ከዚያ ነፋስ ጋር ነው የተኛሁት።»

«ለምን ዝም አሉኝ?»

ከሥራችን የሚያልፈውን ውሃ አዩ።

«ካንቺ በፊት አንዲት ነርስ ነበረች። ስለ ውሃው ነገርኳት። በማግስቱ ሄደች። ከሷ በፊት አንድ አስተማሪ፤ እሱም ሄደ። አንቺን አልነገርኩሽም። በሩን ስትዘጊ ደግሞ፣ ብቆጣ ትሄዳለች አልኩ። ዝናቡ ሳይገባ በዘዴ አስፈታዋለሁ አልኩ። ነገ አልኩ፣ ከነገ ወዲያ አልኩ።» ማሽላውን በጣታቸው በተኑት። «ብቻዬን ማውራት ሰልችቶኝ ነበር፣ ኢንተላ።»

መሳደብ ፈለግሁ። ምን መብት አለኝ? እሳቸው ውሃውን ደበቁኝ፤ እኔ ሚስማሩን ደበቅኋቸው።

«ይሄን ቤት ማን ሠራው?» አልኩ ዝም ላለማለት።

«ባሌ። ውሃን ማቆም አትችልም፣ ማሳለፍ ትችላለህ ይል ነበር። ከዛሬ በፊት ሦስት ጊዜ በዚህ በር ገብቶ በዚያ ወጥቷል። አንዴ እንዲያውም ዓሣ ጥሎልን ሄደ። እኔ ዓሣ አልወድም።»

ሳቅሁ። ወዲያው አንድ ትልቅ ነገር ግድግዳውን መታው፤ ሳቄ እዚያው ደረቀ። እጃቸውን ያዝኩ። እስኪመሽ አልለቀቅሁም።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ውሃው እንደ መጣ ሄደ። የከተማው ሰዎች ገመድ ይዘው እየተራመዱ መጡ፤ ከፊት የነበረው አሊይ ነው። ቆጡ ላይ ቀና ብሎ ሲያየኝ አፉን ከፈተ።

«ዘመድ የለኝም አላልሽም?»

አለቀስኩ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ትልቅ ትምህርት እንድትወስዱ አልጽፍም። ያመለጥነው በእኔ ጉብዝና አይደለም፤ ልንጠፋ የነበረው ግን በእኔው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያልገባኝን ሁሉ ያላዋቂ ሥራ አድርጌ ነበር የማየው። ከእኔ ያነሰ የተማረ ሰው በሩን በገመድ ሲያስር ምክንያቱን ጠይቄ፣ መልሱ ሲያስቀኝ ሚስማር ገዛሁ። አሁንም አፌ ያው ነው፤ እግሬም ያው። ግን የማላውቀውን በር ከመዝጋቴ በፊት ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። ፍርሃቱ ደግሞ አልለቀቀኝም። ሰማዩ ጥርት ሲል ይብሳል። ሌላው ሰው «እንዴት ያለ ቀን ነው» ሲል እኔ ወደ መሰላ በኩል አያለሁ።

ዘንድሮ ወደ ድሬዳዋ እንድዛወር ያመለከትኩት ተፈቀደ። የምትተካኝ ተከራይ ራሴ አመጣሁ፤ ከጅማ የመጣች አስተማሪ፣ ሳቂታ ልጅ። ቤቱን ወደደችው። አዲሱ የላይኛው በር ፊት ቆመች።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

አዴ መይሙና አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። «ለ...»

«ለውሃ ነው» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ሄደች።

«ተከራይ አባረርሽብኝ» አሉኝ።

«እውነቱን ነው የነገርኳት።»

«እውነት ሻይ አብሮኝ አይጠጣም» አሉና ብርጭቆዋን ወደ እኔ ገፉት። «በይ አንቺ ጨርሺው።»

ልጃቸው ዘንድ ሂርና ይግቡ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «የምራቴ ቤት በሩ አንድ ነው» ይላሉ። የዝውውር ወረቀቱ ትራሴ ሥር አለ። እስካሁን አልተጠቀምኩበትም፤ እንደማልጠቀምበትም አልምልም።

ባለፈው ሳምንት አሊይ ስልክ ቤት ገባ። እግሩ ላይ ጭቃ ነበር። ውጭው ፀሐይ ነው።

«ድሬዳዋን ስጪኝ።»

«መሰላ ዘንቧል?» አልኩት ሽቦውን እየሰካሁ።

«ጀምሯል። ምነው?»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ ሰሌዳው ላይ አኖርኩ። የድሬዳዋው ሰው በሽቦው ውስጥ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል።

«የት ነው የምትሄጂው? መስመሩስ?»

«ይጠብቅ» አልኩት። «ወንዝ ዳር ዘመድ አለኝ።»